ጀርባሽን ለደመራው ስጪ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ አምና ለደመራ መስቀል አደባባይ ሄጄ ወደ 300 ፎቶ አነሳሁ። ካሜራዬ ከ18–55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር የተገዛ ተራ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ነው። ቤት ገብቼ ሳየው አንድም የሚረባ የለም። እሳቱ ነጭ ጉብታ ሆኗል፤ ሰዉ ከሰል ነው። ፍላሽ ያበራሁባቸው ላይ የፊተኛው ሰው ማጅራት ብቻ ቦግ ብሏል። የቀረው ነቅነቅ ብሎ ደብዝዟል። ካሜራውን ኦቶ ላይ አድርጌው ነበር። ዘንድሮ ምን ላድርግ? አዲስ ካሜራ ልግዛ እንዴ?»

እህቴ፣ አትግዢ። ካሜራሽ ምንም አልሆነም። ያሳሳተሽ ኦቶው ነው፤ እሱም ለቀን ብርሃን እንጂ ለደመራ ማታ ስላልተሠራ ነው።

እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። የመጀመሪያ ደመራዬን ያነሳሁት በፊልም ነበር። 36 ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ። ፍላሼን ሰክቼ 36ቱንም ወደ እሳቱ ጨረስኳቸው። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ባለ ፎቶ ቤቱ አንድ በአንድ እያገላበጠ አየና «ያነሳኸው ደመራ ነው ወይስ ጸጉር ቤት?» አለኝ። ማጅራት በማጅራት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ መሆን አለበት ብሎ ነው የሚነሳው። ጥቁር ሰማይ ሲያይ «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ያኔ እሳቱ ነጥቶ ቅርጹ ይጠፋል። ሌንሱን ወደ እሳቱ ስታስጠጊው ደግሞ «በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ሰዉ ይጠቁራል። በነበልባሉ እምብርትና ጨለማ ውስጥ በቆመው ሰው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፎቶ ከሚሸከመው በላይ ነው። ዓይናችን ወዲያ ወዲህ እያለ ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ አይታወቀንም። ስለዚህ ሁለቱንም እኩል አሳያለሁ የሚለውን ሐሳብ ተዪው። ወይ እሳቱን፣ ወይ እሳቱ ያበራውን ምረጪ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እሳቱ ያበራውን። እሳቱንማ ሁሉም ያነሳዋል። የአምናው ከዘንድሮው ብዙም አይለይም። ደመራ ሲቀጣጠል ግን ትልቅ መብራት ነው፤ በየትኛውም ስቱዲዮ የማታገኚው ዓይነት። የዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ እሱ ዞሯል፤ ወርቅ መስሏል። ፎቶ አንሺው ደግሞ ያን ሁሉ ፊት ከኋላው ትቶ ከእሳቱ ጋር ይታገላል። ዞር በይ። ጀርባሽን ለደመራው ስጪ።

ሌላው ሀብታችን ነጠላው ነው። ነጭ ጨርቅ ብርሃን ይመልሳል። ፎቶ ቤቶች ለዚሁ ብለው ነጭ ሰሌዳ ይገዛሉ፤ እኛ ግን ለብሰነው እንመጣለን። እሳቱ ከአንድ ወገን ሲመታ፣ ደረት ላይ ያለው ነጠላ ደግሞ ከአገጭ ሥር ያለውን ጥላ ቀስ አድርጎ በብርሃን ይሞላል። ነጠላ የተከናነቡ እናትን ከእሳቱ ጎን ሆነሽ ብታዪ ምስጢሩ ይገለጥልሻል። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ያልኩሽ በምክንያት ነው። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ሲመጣ ፊት ቅርጽ ያወጣል። ፊት ለፊት ሲመታ ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ካሜራሽን ማንዋል ላይ አድርጊው፤ ኤም የሚለው ላይ። አትፍሪ፣ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምታዢው። አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ «ኤፍ» የሚባለው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሸተር ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ ይወስናል፤ 1/125 ማለት የሰከንድ 125ኛ ነው። አይኤስኦ ካሜራው የገባውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላው ነው።

እሳት ያበራው ፊት ለማንሳት አይኤስኦ 1600፣ አፐርቸር ሌንስሽ እስከሚችለው ክፍት፣ ሸተር 1/125 ብለሽ ጀምሪ። ከእሳቱ ራቅ ያለ ሰው ከሆነ አይኤስኦውን ወደ 3200 አውጪው። «ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየው ሽርክት) ይበዛል» ይሉሻል። ይብዛ። ሽርክት ያለ ፎቶ ይታያል፤ የተነቃነቀ ግን ምንም ብታደርጊው አይድንም። ጀማሪዎች አይኤስኦ መጨመር እየፈሩ ሸተሩን ወደ 1/15 ያወርዱና ከዚያ «ካሜራዬ ደከመ» ይላሉ።

እጅሽ ሳይነቃነቅ የምትይዢውን ሸተር ለማወቅ የሌንሱን ርዝመት (18 ወይም 55 የሚለውን ቁጥር) በ1.5 ወይም በ1.6 አባዢና አንድን ለውጤቱ አካፍዪ፤ የምታባዢው እንዳንቺው ያለ ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ ነው። 18 ላይ 1/30 ይበቃል። 55 ላይ ግን ወደ 1/90 ትፈልጊያለሽ። ይህ ለእጅሽ ነው። የሚያሸበሽብ ዘማሪ ግን በ1/30 ቆሞ አይጠብቅሽም፤ ለእሱ 1/125 ወይም 1/250 ያስፈልጋል። ሌንስሽ ማረጋጊያ ቢኖረውም የሚያረጋጋው ያንቺን እጅ እንጂ የእሱን ትከሻ አይደለም። ክርንሽን ከጎንሽ ጋር አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን አስወጪና ሦስት ሦስት አከታትለሽ አንሺ። ብዙ ጊዜ የመካከለኛዋ የተሻለች ሆና ታገኛታለሽ።

የ18–55 ሌንስ አንድ ችግር አለበት። 18 ላይ እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል። ዙም አድርገሽ 55 ስትደርሺ ግን ኤፍ 5.6 ላይ ይጠባል። ይኸውልሽ፣ ዙም ባደረግሽ ቁጥር ብርሃን እየጣልሽ ነው። ስለዚህ 18 አካባቢ ቆይና በእግርሽ ተጠጊ። ወይም ካወቅሽው ሰው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ተዋሺ። ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዷ ናት፤ ከኤፍ 5.6 ጋር ስትወዳደር ግን ወደ አሥር እጥፍ ብርሃን ታስገባለች። የግድ ብር ማውጣት ካማረሽ በካሜራው ፋንታ ይህችን ግዢ። ብቻ ተጠንቀቂ፤ በኤፍ 1.8 ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ስታነሺ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል። ፎከስሽ ቅርብ ያለው ዓይን ላይ ይረፍ።

ስለ ፊት ቀለም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት አንድ ላይ ሲሆኑ ካሜራው ነጠላውን ያይና ያጨልማል፤ ፊቱ ይጠፋል። ወይ ደግሞ ፊቱን ያበራና ነጠላው ጥለቱ ሳይቀር ይነጣል። እኔ የነጠላው ክር ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው እዚያ ላይ አቆማለሁ። ፊቱን በኋላ በኮምፒውተር ከፍ አደርጋለሁ። ከፍ አደርጋለሁ ስል ግን አነጣለሁ ማለቴ አይደለም። የአንዳንድ ፎቶ ቤት ኤዲተር ጠይሟን ሙሽራ ዱቄት ያስመስላታል። በእሳት ብርሃን ጠይም ፊት ጠይም ሆኖ ነው የሚያምረው።

እሳቱን ራሱን ማንሳት ካለብሽ፣ መቼም ሳታነሺው አትመለሺም፣ ብርሃን መቀነስን ተለማመጂ። አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ ሸተር 1/500 ብለሽ ጀምሪ። ነበልባሉ ምላሱን ያወጣል፤ ሰዉ ከፊቱ ጥላ ይሆናል። ጥላው ሆን ተብሎ የተደረገ ሲሆን ያምራል፦ መስቀል ከፍ ያደረገ እጅ፣ የካህን ጥምጥም፣ ዣንጥላ የያዘ ዲያቆን። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። እሳት ፎቶው ላይ ከሁሉ በፊት ከልክ የሚያሳልፈው ቀዩን ቀለም ነው። ተራውን ሂስቶግራም (ካሜራው የብርሃኑን መጠን የሚያሳይበትን ግራፍ) ብታዪ ሁሉ ሰላም ይመስላል፤ ቀዩ ግን ሞልቶ ፈሷል። ያኔ ብርቱካናማው ነበልባል ገርጥቶ ቢጫ ይሆናል። ካሜራሽ ሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳይ ሂስቶግራም ካለው እሱን ክፈቺ። የኋላውን ስክሪን ደግሞ አትመኚው። በጨለማ ሁሉም ነገር ደምቆ ይታይሻል፤ ቤት ስትገቢ ጉድ ትሆኛለሽ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺው።

ፎርማቱን ራው ላይ አድርጊው፤ ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጥበት ነው። የተለመደው ጄፔግ ብቻ ከሆነ ካሜራው በቀለሙ ላይ በራሱ ፈርዶ ይጨርሳል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። የእንጨት እሳትና የጧፍ ነበልባል 1900 ወይም 2000 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ የቀን ብርሃን 5500 ገደማ። ኦቶ ኋይት ባላንስ (ካሜራው ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበት) ይህን ሙቀት እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያርም ይሞክራል፤ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል። እኔ በእጄ 3800 ወይም 4000 ላይ አስቀምጠዋለሁ። እሳቱ ሙቅ ይሆናል፤ ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ይህ የኔ ምርጫ ነው፤ ራው ከሆነ በኋላ እንደልብሽ ትቀይሪዋለሽ።

ሰማያዊ ስል አንድ ነገር መጣ፤ ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጣል፦ ሰዓቱ። መስከረም 16 አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ሰሜን አውሮፓ በበጋ ምሽቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጎተታል። እዚያ ያሉ ፎቶ አንሺዎች በሠሯቸው ቪዲዮዎች «ተረጋጉ፣ ጊዜ አላችሁ» ይላሉ። እንዳትሸወጂ። እዚህ ሰማዩ ገና ጥቁር ሳይሆን ጥልቅ ሰማያዊ የሚሆንበት ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 12፡45 ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ አለቀ። በዚያች ሩብ ሰዓት ግን እሳቱም ሰማዩም ሰዉም በአንድ ፎቶ ውስጥ ይታረቃሉ። ቅድም አይሆንም ያልኩሽ ነገር የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 3.5፣ ሸተር 1/125 ሞክሪና እያየሽ አስተካክዪ። በየሁለት ደቂቃው ስለሚጨልም ሸተሩን ወይም አይኤስኦውን መከተል አለብሽ። ደመራው ቀደም ብሎ ከተለኮሰ በቀን ብርሃን ያነሳሽው እሳት ቢገረጣም ተስፋ አትቁረጪ። ካርድሽንና ባትሪሽን ለዚያች ሩብ ሰዓት አቆዪ።

በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ደመራው የሚለኮሰው በ17 ንጋት ላይ ነው። እዚያ ከሆንሽ ፊልሙ ወደኋላ ይጠቀለላል፤ ከጨለማ ተነስተሽ ወደ ሰማያዊ ትሄጃለሽ። ለኔ ይህኛው ይቀላል። ብርሃኑ እየጨመረልሽ ነው የሚሄደው።

ምሰሶው ሲወድቅ የሚለውንም አስቢበት። በየት በኩል ወደቀ የሚለው ለሰዉ ትልቅ ነገር ነው፤ የዓመቱን ነገር ያያሉበታል። አንቺ ግን ወዴት እንደሚወድቅ አታውቂም። ዙም አድርገሽ ጠባብ ከያዝሽ ከፍሬምሽ ውጭ ይወድቃል። ሰፋ አድርገሽ ያዢ፣ በግራና በቀኝ ክፍት ቦታ ተዪ። ከወደቀ በኋላ ደግሞ ቶሎ ወደ ሰዉ ዙሪ። እልልታው ያኔ ነው።

ፎከስ። በጨለማ ካሜራው ወዲያ ወዲህ ይዋልላል፤ ጭስ ሲገባበት ጭራሽ ያብዳል። አንድ ነጥብ ብቻ ምረጪ፣ የመካከለኛዋን፤ እሷ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ትሻላለች። ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አሳርፊያት፤ የነጠላው ጫፍ፣ የአፍንጫ መስመር። እምቢ ካለ ወደ ማንዋል ፎከስ ቀይሪና በስክሪኑ አጉልተሽ አስተካክዪ። ካሜራው ለፎከስ የሚያበራትን ትንሽ መብራት አጥፊያት። በጸሎት ላይ ያለ ሰው ፊት ላይ መብራት ቦግ ማድረግ ነውር ነው።

ፍላሽም እንደዚያው። የካሜራው ትንሽ ፍላሽ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 5.6 ከሁለት ሜትር ብዙም አያልፍም። አይኤስኦ 1600 ላይ እንኳ ስምንት ሜትር ገደማ ነው። ደመራው ግን ከዚያ በብዙ ይርቃል። ስለዚህ ብርሃኑን የሚበላው ፊትሽ የቆመው ሰው ነው፤ ማጅራቱ። በዚያ ላይ የፍላሽ ቀለም እንደ ቀን ብርሃን ነው። ከእሳቱ ጋር ሲገናኝ ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው ብርቱካናማ ሆኖ የሁለት አገር ሰው ይመስላል። የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጓደኞችሽ «አንሺን» ብለው ካስቸገሩ፣ ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ላስቲክ ሸፍኚበትና ኃይሉን ዝቅ አድርጊው። ሸተሩን 1/30 ላይ ተዪውና ከኋላ ያለው እሳት እንዲገባ ጊዜ ስጪው። የከረሜላ መጠቅለያ ተጠቅሜ አውቃለሁ። ሠርቷል።

አንድ የአደባባዩ ጉዳይ ደግሞ አለ። መስቀል አደባባይ በ2013 ከታደሰ ወዲህ በዙሪያው መብራትና ትልልቅ ስክሪን በዝቷል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ቦግ እልም ይላል። ዓይን አያየውም፤ 1/500 ላይ ያለ ካሜራ ግን ያየዋል። አንዱ ፎቶ ይደምቃል፣ ቀጣዩ ይጨልማል፣ ሌላው ላይ ጥቁር ሰንበር ይወጣል። የመንገድ መብራት በፍሬምሽ ካለ 1/100 ወይም 1/50 ይሻላል። አሜሪካ ሆናችሁ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ደመራ የምታነሱ፣ እዚያ 60 ኸርዝ ስለሆነ ለእናንተ 1/60 ወይም 1/125 ይቀርባል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ይዘሽ አትሂጂ። ፍተሻው ጠበቅ ያለ ነው፤ ሕዝቡም ይጨናነቃል፤ ሰው ተደናቅፎ ይወድቅብሻል። ብልጭታው በአየር ላይ የሚስለውን መስመር ከፈለግሽ ግን ትራይፖድ ወይም የሆነ ግንብ ግድ ነው፤ ሸተሩ ከ1/4 እስከ አንድ ሰከንድ ይሁን።

ለዚህም ነው የምመክርሽ፦ ዘንድሮ ወደ ሰፈርሽ ደመራ ሂጂ። መስቀል አደባባይ ላይ ወደ እሳቱ ለመጠጋት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ደረጃው ላይ ከሩቅ ነሽ። ደረጃው ለሰፊ ፎቶ ግሩም ነው፤ ፊት ግን አታገኚም። የሰፈር ደመራ ትንሽ ነው። አምስት ሜትር ላይ ትቆሚያለሽ። ሰዉ ያውቅሻል፣ አይሸሽሽም። ልጆች ችቦ ይዘው ይዞራሉ። ዕጣን አለ፣ ጭስ አለ፣ ጭሱ ራሱ ብርሃን ይይዛል። ነፋሱ በጀርባሽ እንዲሆን ብቻ ቁሚ፤ አለዚያ ሌንስሽም ዓይንሽም ያለቅሳሉ።

ጧፍ የሚበራበት ሰዓትም አያምልጥሽ። የጧፍ ብርሃን ትንሽ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከፊት 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ጧፍ ወደ 60 ሲርቅ ፊቱ ይጠፋል። እና ጠብቂ። አንዱ ከአንዱ ጧፍ ሲለኩስ ሁለት ፊት ይጠጋጋል፣ ሁለት እጅ ይገናኛል፣ ነፋስ እንዳያጠፋው መዳፍ ይከለላል። ያቺ ሰከንድ ናት። ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንሷ ጋር አይኤስኦ 3200፣ ኤፍ 1.8፣ 1/100። «እስቲ ወደ ፊትህ ጠጋ አድርገው» ብለሽ አታስተካክዪ፤ ራሱ ይመጣል።

ስልክ ብቻ ይዘው ይህን ለሚያነቡ አጭር ነገር። መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉ፤ ብዙ የማታ ፎቶ የሚበላሸው በጣት ቅባት ነው። ናይት ሞድ ተከታታይ ፎቶዎችን አንስቶ የሚያዋህድ ስለሆነ ለቆመ ሕንፃ እንጂ ለሚዘል ልጅ አይሆንም፤ እሳት ፊት አጥፉት። እሳቱ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩ፣ ሲቆልፍ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። በጣት ዙም አታድርጉ።

አንቺ ግን እስከ ደመራ ሁለት ሳምንት አለሽ። ዛሬውኑ ማታ መብራት አጥፊና ወንድምሽን ነጠላ አልብሰሽ ወንበር ላይ አስቀምጪው። አንድ ጧፍ ለኩሺ። አሁን ያልኩሽን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞክሪ፤ ጧፉን ወደ ጎን፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች አዙሪው። ቁልፎቹን ሳታዪ በጣትሽ እስክታገኛቸው ድረስ ደጋግሚ፤ በግፊያ መሐል ሜኑ ለመፈለግ ጊዜ አይኖርሽም። መሐል ላይ ሰፈሩ ራሱ መብራት ከጠፋበትም አትማረሪ፤ ወንድምሽ እንዳይነሳብሽ ብቻ ያዢው።